ከእንጦጦ ግርጌ፦ የጭንቀት ሕማምና የመድኃኒቱ ታሪክ

ከፒያሳ ተነሥቶ በሰሜን ሆቴል በኩል ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ወደ ሱሉልታና ወደ ጎጃም ከማቅናቱ አስቀድሞ አዲሱ ገበያን ያቋርጣል። ሰፈሩ ከበላዩ የእንጦጦን ተራራ ከነአብያተ ክርስቲያናቱና ከነጠበሎቹ ያያል፣ ከበታቹም የጳውሎስን ሆስፒታልና ዛሬም ሰው በልማድ ፓስተር የሚለውን የምርምር ተቋም ይጎራበታል፤ ስለዚህም አንድ የጉለሌ ሰው ልቡ ያለ ምክንያት ድው ድው ሲልበት፣ ትንፋሹ ሲያጥረው፣ ሌሊቱን በሐሳብ ሲገላበጥ አድሮ «ጭንቅ ጭንቅ አለኝ፣ ልሞት ነው» ማለት ሲጀምር፣ ዘመዶቹ ተሰብስበው የሚመካከሩት ወደ ላይ እንውሰደው ወይስ ወደ ታች በሚል ነው። የላዩ መንገድ የቀደመ ስለ ሆነ ትረካውም ከዚያ ይጀምራል፤ ዓመታቱም «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጻፈ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በእንጦጦ ላይ በመሠረቱ ጊዜ፣ ኋላም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ በጫኑ ጊዜ፣ ይህ ሕማም በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ ስም ያልወጣለት ነገር አልነበረም፤ ድንጋፄ፣ ረዓድ፣ ግርማ ሌሊት እየተባለ ይጠራ፣ ካህኑ በጠበልና በመስቀል፣ ደብተራውም በጸሎትና በክታብ ይጋፈጠው ነበር። ክታቡ የሚጻፍበት ብራና በሕመምተኛው ቁመት ልክ ተለክቶ ይቆረጥና፣ ሰውዬውን ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው ቅዱስ ሱስንዮስ ከውርዝልያ ጋር ያደረገው ተጋድሎ፣ መርበብተ ሰሎሞንም ዓይናቸውን ካፈጠጡ መላእክት ሥዕል ጋር ይሰፍርበታል፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና ባንገት ይታሠራል። ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አጣጥሎ ማለፍ ይቀናዋል። እኔ ግን አንድ ነገር እንዲዘነጋ አልወድም፤ ደብተራው የሕማሙን ምክንያት ከአጋንንት ቢያደርገውም፣ ፍርሃት ሥጋን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሚይዝ መሆኑን ብራናውን ሲለካ መስክሯል፤ የውጭ አገር ጠቢባን ይህንኑ በመሣሪያ ያረጋገጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1901 ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ነጥሮ ማውጣቱን አስታወቀ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የሃርቫርዱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ድመቶችን በውሻ ጩኸት እያስደነገጠ ደማቸውን ቢመረምር፣ ከድንጋጤው በፊት ያላገኘውን አድሬናሊን ከድንጋጤው በኋላ አገኘው፤ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍም የፈራ እንስሳ ልቡ የሚፈጥነው፣ ደሙም ከአንጀቱ ወደ ጡንቻው የሚሸሸው ለመዋጋት ወይም ለማምለጥ ሲሰናዳ እንደ ሆነ አስረዳ። ጭንቀት የያዘው ሰው መከራም ከዚሁ ይታወቃል፤ ውሻው በሌለበት ሥጋው ለውሻው ይዘጋጃል።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ደም እንጂ ስለ ነርቭ የተነገረ አልነበረም። ነርቭ የሚይዘውን መልእክት ለልብም ሆነ ለሌላ ነርቭ በምን ያስተላልፋል ቢባል፣ ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ በኤሌክትሪክ ብቻ ነው ይሉ ነበር። ኦቶ ሎዊ የተባለ፣ በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የሚያስተምር ሐኪም፣ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፣ በፋሲካ ዋዜማ ሌሊት አንድ የሙከራ ዘዴ በሕልሙ ታየውና ነቅቶ በብጫቂ ወረቀት ላይ ጫጭሮ ተኛ፤ ማለዳ ግን የገዛ እጁን ጽሑፍ ማንበብ ተሳነው። በማግሥቱ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ሕልሙ ቢመለስለት፣ ዳግመኛ በወረቀት ሳይታመን ተነሥቶ ወደ ሙከራ ቤቱ ሄደ። ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን በየዕቃቸው ጨዋማ ውኃ ሞልቶባቸው እየመቱ ሳሉ የአንደኛውን ነርቭ ቢነካካው ምቱ ዘገየ፤ ያንን ልብ የነካውን ውኃ ወስዶ በሁለተኛው፣ ነርቩ በተወገደለት ልብ ላይ ቢያፈስስበት ያም ማንም ሳይነካው ዘገየ። እንግዲህ ነርቩ አንዳች ረቂቅ ነገር በውኃው ውስጥ ጥሏል ማለት ነው። ሙከራው በ1921 ታተመ፤ በ1936 ሎዊ ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዓመት በግንቦት የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ ገብቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሎዊን አሠሩት፣ የሽልማቱንም ገንዘብ እንዲያስረክብ አስገድደው ከአገር እንዲወጣ ፈቀዱለት።

በአገራችን ደግሞ በዚያ ዘመን ሌላ ዓይነት ምርመራ ይካሄድ ነበር። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ከአንድ የምርምር ጓድ ጋር ጎንደር ደርሶ፣ መልካም አየሁ በተባሉ የዛር አለቃ ዘንድ እየተመላለሰ የቡናውን፣ የከበሮውንና የጉሪውን ሥርዓት በማስታወሻው ዘገበ። ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች፣ ሐኪሙም አይቀበለውም፤ ነገር ግን ስም የለሽ ጭንቅ በዚያ ቤት ስም ያገኝ፣ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቅ፣ ግብሩም ይቆረጥለት ነበር። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በመርካቶ አጠገብ ያሠሩት የአማኑኤል ሆስፒታል ከነጻነት በኋላ ለአእምሮ ሕሙማን ተለይቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ ኖረ፤ ከዚህም የተነሣ ስሙ በሕዝቡ አፍ የእብደት መጠሪያ ስለ ሆነ፣ ልቡናው ሙሉ ሆኖ ፍርሃት ብቻ ያስቸገረው ሰው ከደጃፉ መታየትን ይሸሽ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአንጎል ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ይገለጡ ጀመር። ኢጣልያዊው ቪቶርዮ ኤርስፓመር አስቀድሞ ከአንጀት ሽፋን ያገኘውን ንጥረ ነገር፣ በ1948 በአሜሪካ ክሊቭላንድ የነበሩት ራፖርት፣ ግሪንና ፔጅ ከደም አጥርተው ሴሮቶኒን አሉት፤ በ1953 ቤቲ ትዋሮግ የተባለች ወጣት ተመራማሪ ከፔጅ ጋር ሆና በአንጎል ውስጥም መኖሩን አሳየች። ይሁንና በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን አብዛኛው ዛሬም የሚገኘው በአንጀት ነው፤ ጭንቀቱን «ጨጓራዬ ነው» እያለ ወተትና ተልባ ሲጠጣ የሚኖረው ወገናችን ቦታውን ፈጽሞ ሳተ ለማለት እኔ አልደፍርም። በ1950 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ዩጂን ሮበርትስ የአይጥ አንጎል ጭማቂ በወረቀት ላይ ሲያጣራ፣ በሌላ የሰውነት ክፍል የማይታይ አንድ የቀለም ነጠብጣብ ተመለከተ፤ በሂውስተን ሆርሄ አዋፓራም በዚያው ዓመት ያንኑ አገኘ። ይህ ንጥረ ነገር በአጭሩ ጋባ ይባላል። የጋባ ሥራ ነርቭን ማስታገስ መሆኑ ግን ገና ዓመታት ፈጅቶ የታወቀ ነገር ነው።

እነዚህ ሊቃውንት ጋባ ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ፣ መድኃኒት ቀማሚዎቹ በሌላ በር ገብተው ቀደሟቸው። የታሪኩ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ ሊቃውንቱ መጀመሪያ የጭንቀትን ምክንያት መርምረው ከዚያ መድኃኒቱን የፈለጉ ቢመስለው አይፈረድበትም፣ የሆነው ግን ግልባጩ ነው።

በቦሄሚያ ተወልዶ ከናዚ የሸሸው ፍራንክ በርገር በእንግሊዝ አገር ለፔኒሲሊን ማቆያ የሚሆን ነገር ሲፈልግ፣ አንዱ ቅመም አይጦቹን ሳያስተኛ ልፍስፍስና ጸጥተኛ እንዳደረጋቸው አየ፤ ከዚህ ምልክት ተነሥቶ በአሜሪካ የሠራው ሚልታውን የተባለ ማረጋጊያ በ1955 ለገበያ ወጣ፣ ሰውም ስለ ተሻማበት ፋርማሲዎች «ሚልታውን አልቋል» የሚል ጽሑፍ በመስኮታቸው ይለጥፉ ነበር። ተፎካካሪው የሆፍማን ላሮሽ ኩባንያ ለኬሚስቱ ለሌዎ ሽተርንባኽ ተመሳሳይ ነገር ሥራልን አለው። ሽተርንባኽ በክራኮቭ የተማረ ፖላንዳዊ አይሁድ ሲሆን፣ በ1941 ከስዊዘርላንድ ወደ ኒው ጀርሲ የተሻገረ ነው። የሰው ቅመም መቅዳትን ንቆ፣ በወጣትነቱ ለማቅለሚያነት ሲመረምራቸው ወደ ነበሩ አሮጌ ውሁዶች ተመለሰ፤ ወደ አርባ የሚሆኑትን ሠርቶ ቢያስፈትን ሁሉም ከንቱ ሆኑ። አለቆቹም ተወው፣ ሌላ ሥራ ያዝ አሉት። በ1957 የሙከራ ቤቱ ጠረጴዛ በጠርሙስና በሳህን ተጨናንቆ ቦታ ስለ ጠፋ ጽዳት ሲደረግ፣ ረዳቱ ኧርል ሪደር ሳይፈተን የተረሳ ንጹሕ ነጭ ደቃቅ ክሪስታል አገኘ፤ መጣሉ ቀርቶ ለፈተና ተላከ። መርማሪው ሎውል ራንዳል የጻፈው መልስ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ እንስሳቱ ረጋ አሉ፣ ጡንቻቸው ላላ፣ ሆኖም አልደነዘዙም። ይህ በ1960 ሊብሪየም ተብሎ ተሸጠ፤ ታናሽ ወንድሙ ዳያዜፓም ደግሞ በ1963 ቫልየም ተብሎ ወጣና ለዐሥር ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በአሜሪካ ከመድኃኒቶች ሁሉ ይበልጥ የሚታዘዝ ሆነ፤ በ1978 ብቻ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ክኒን ተሽጧል። እነዚህ መድኃኒቶች ለገበያ ሲወጡ ታዲያ በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

በዚያው በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የተባለ ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከባልደረቦቹ ጋር በግዮን፣ ማለትም በወሊሶ፣ ስለሚደረገው የእምነት ፈውስና ስለ መንፈስ ልክፍት በ1968 ጽሑፍ አወጣ፤ በማግሥቱ ዓመትም በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስላለው የአእምሮ ሕማም በብሪታንያ የሥነ አእምሮ መጽሔት አሳተመ። የአገራችን ሕመምተኛ በዚያን ጊዜም እንደ ዛሬው «ፈራሁ» ብሎ ወደ ሐኪም አይመጣም፤ ራሴን ዞረኝ፣ ደረቴን ጨመደደኝ፣ አየር አጠረኝ፣ በመላ ሰውነቴ ይሄድብኛል ይላል እንጂ። የጳውሎስ ሆስፒታልም አቅም ለሌለው ድኻ እንዲሆን በጀርመን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን እርዳታ ተሠርቶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲጀምር፣ የአዲሱ ገበያ ሰው ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ አጠረለት።

በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ከጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ተለየ። ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት የነርቭ መልእክተኞች በአንጎል እንዲፈስሱ የሚገፋ ስለ ሆነ፣ ምርቃናውም ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ዱካክም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳሉ፤ በጫት ላይ ቡና ደራርቦ ማታ ልቤ መታ የሚለው ወጣት ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ግን አይጠየቅም።

ከዚያ 1977 መጣ። በኮፐንሃገን ስኳየርስና ብሬስትሩፕ፣ በባዝልም ሜለርና ኦካዳ፣ አንዱ ቡድን ከሌላው ተለይቶ፣ ዳያዜፓምን በጨረር ምልክት አድርገው ከአይጥ አንጎል ጋር ቢያዋሕዱት፣ መድኃኒቱ እንደ ዝናብ በሁሉ ላይ መዝነቡን ትቶ በታወቀ ቦታ ላይ ብቻ ተጣብቆ ተገኘ፤ ከዚያ ቦታ ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ዓይነት ሕመምተኛንም አጥብቆ የሚያረጋጋ ሆነ። ቦታውም የጋባ መቀበያ አካል ነበር። ጋባ በነርቭ ሕዋስ በር ላይ ሲደርስ በሩ ይከፈትና የክሎራይድ ቅንጣቶች ይገባሉ፣ ሕዋሱም ለመቀስቀስ ይዘገያል፤ ዳያዜፓም በሩን ራሱ አይከፍተውም፣ ጋባ በመጣ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያደርገዋል እንጂ። ሊብሪየም በተሸጠ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በጄኔቫ የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ ዳያዜፓም ተካተተበት።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በቀይ ሽብር ውስጥ ነበረች። የተገደሉት ወጣቶች አስከሬን በየጎዳናው ተጥሎ የሚያድርበት፣ እናት ማልቀስ የሚከለከልበት፣ መኪና ከአጥር ሥር ሲቆም የቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥበት ዘመን ነበር። ያን ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው የአንጎሉ ንጥረ ነገር የተዛባበት አልነበረም፤ አድሬናሊኑም ጋባውም የሚገባቸውን ሠርተዋል፣ ውሻው በደጅ ነበርና። ክኒን እውነተኛውን ፍርሃት ከሐሰተኛው አይለይም፤ ሁለቱንም በአንድ በር ያረጋጋል። ሽብሩ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ በር ሲንኳኳ የሚርድ ሰው ግን በየሰፈሩ ቀርቷል፤ ሐኪም የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው።

የቫልየም ክብር ብዙ አልቆየም። አንጎል በየዕለቱ ከውጭ የሚመጣለትን እርጋታ ሲለምድ የራሱን ይቀንሳልና፣ ለወራት የወሰደው ሰው በድንገት ቢያቆም መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይይዘዋል፤ በ1984 የዚህ ወገን መድኃኒቶች በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ዋሉ፣ በእኛም አገር በተለየ ማዘዣ ወረቀት እንጂ እንዲሁ አይሸጡም። ከዚያ አስቀድሞ አሜሪካዊው ዶናልድ ክላይን ለትካዜ የተሠራው ኢሚፕራሚን ድንገተኛውን የሽብር ጥቃት እንደሚያቆም በ1964 አስነብቦ ስለ ነበር፣ በ1980 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች የምርመራ መጽሐፍ ድንገተኛውን ጥቃት ከዘወትሩ ጭንቀት ለይቶ ሁለት ሕማም አደረገው። እዚህም ቢሆን ሕማሙን የከፈለው መድኃኒቱ ነው። በ1987 መጨረሻ ፕሮዛክ የተባለው ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ነርቮች የለቀቁትን ሴሮቶኒን መልሰው እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ሰውም «ሕማሙ የሴሮቶኒን ማነስ ነው» ማለት ለመደ፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ሴሮቶኒኑን በሰዓታት ውስጥ ሲነካ ዕረፍቱ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነውና፣ ነገሩ የጎደለውን ከመሙላት የረቀቀ መሆን አለበት። ስለ ትካዜ በ2022 የታተመ ሰፊ ግምገማም ለማነሱ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። መድኃኒቱ ይጠቅማል፤ የጠቀመበት መንገድ ግን ሕማሙ የገባበት መንገድ ነው ተብሎ ሊደመደም አይችልም።

ከ2003 በፊት የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር ተሻግሮ ይማር ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ተባብሮ ትምህርቱን በአገር ቤት ጀመረ። በ2007 ፍሉኦክሰቲን በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ገባ። በዚያው ዓመት ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሰፍረው ሳሉ፣ የያኔው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ፤ ቃሉ የተነገረው ለሌላ ሕማም ቢሆንም ለጭንቀት ሕሙማንም መንገድ ከፍቷል። በ2021ም ኢትዮጵያውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከጠበል ካህናት ጋር ስላደረጉት ትብብር በብሪታንያ መጽሔት ጽፈዋል።

ትብብሩ በቃል ቀላል ቢመስልም በሥራ ጊዜ የሚያሰናክለው የሰዓት ጉዳይ ነው። ተጠማቂው በማለዳ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ተራ ሲጠብቅ፣ ጠበሉን በባዶ ሆዱ እስኪጠጣና እስኪጠመቅ ድረስ ምንም ወደ አፉ አያስገባም፤ «ጠዋት ጠዋት ዋጥ» የተባለ ክኒን ካለው ወይ ጾሙን ወይ ክኒኑን ይተዋል፣ ብዙውን ጊዜም የሚተወው ክኒኑን ነው። ይህን የተረዳ ሐኪም ፍሉኦክሰቲኑን ከምሳ በኋላ ያደርግለታል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ነው፤ ከሰውነትም ለመውጣት ብዙ ቀናት ስለሚፈጅበት፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ መሆኑ ሥራውን አያጎድለውም።